«ካዘኑ ታዲያ ለምን አያዩልኝም?» — ስለ አንድ ግሥና ስለ ተርጓሚዎቹ

እናንተ ቤት «አዘነ» ሲባል በዕብራይስጥ ምን ትሉታላችሁ? እስካሁን የጠየቅኋቸው ወጣቶች ሁሉ ማለት ይቻላል ሳያመነቱ «ዓጹቭ» ብለውኛል። መልሱ ስሕተት አይደለም። አንድ ሰው ፊቱ ጠቁሮ ጥግ ይዞ ተቀምጦ ብታዩት «አዝኗል» ትላላችሁ፤ «ሁ ዓጹቭ» ብትሉም ነገሩ ይገጥማል። የኔ ክርክር ይህ ከቃሉ ትንሹ ክፍል ነው የሚል ነው። ዓጹቭ የአንድ ሰው የውስጥ ስሜት ነው። አዘነ ግን ባብዛኛው በሁለት ሰዎች መካከል ያለ ነገር ነው፤ አንዳንዴም በአንድ ሰውና በአንድ መንደር ሙሉ ሕዝብ መካከል። አንዱን በሌላው ስንተካው የሚጠፋው ጌጥ አይደለም፤ እናት ለልጇ የተናገረችው ነገር ራሱ ይጠፋል።

ከሥሩ ልነሣ። በግዕዝ ግሡ «ሐዘነ» ነው፤ ስሙም «ሐዘን»። አማርኛ ሦስቱን የ«ሀ» ፊደሎች በአፍ አንድ ስላደረጋቸው ቃሉን ሐዘን፣ ኀዘን፣ ሀዘን ተብሎ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። በሐመሩ ሐ መጻፉን የሚደግፉት ዘመዶቹ ናቸው። ትግርኛ «ሓዘን» ይላል፤ ዐረብኛ «ሑዝን» ይላል፤ ሁለቱም ድምፁን ከጉሮሮ ያወጡታል። ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተመው የግዕዝ ንጽጽራዊ መዝገበ ቃላትም ግዕዙና ዐረብኛው ጎን ለጎን ይገኛሉ። ከሽሬ ወይም ከወልቃይት በኩል የመጡ አያቶች ያሏችሁ ይህን ድምፅ ቤት ውስጥ ሰምታችሁታል። የየመን ሽማግሌዎች «ሔት»ን ሲያነቡ የምትሰሙትም ያው ነው።

ዕብራይስጥስ? እዚህ ላይ አንድ ደስ የሚል ግን ውሸት የሆነ ዝምድና አለ፤ ከአንዴም ሁለቴ ሰምቼዋለሁ። «የምኩራቡ ሐዛን በሚያሳዝን ዜማ ስለሚጸልይ ነው ሐዛን የተባለው፤ ከኛው ሐዘን ጋር አንድ ነው» የሚል። አይደለም። ሐዛን ከጥንቱ የአካድ ቋንቋ የመጣ የሹመት ስም ነው፤ እዚያ የከተማ አስተዳዳሪ ማለት ነበር። በኋላ በአይሁድ ማኅበር ውስጥ የምኩራብ አገልጋይ፣ ቀጥሎም ጸሎት መሪ ሆነ። ሐዘን የሚለው ሥር ለልብ ስብራት ሲያገለግል በዕብራይስጥ የለም። ለምን ይህን አነሣሁ? የቃል ዝምድና ስንፈልግ አብዛኛውን ጊዜ የምንፈልገው «እኛም የዚህ ቤት ነን» የሚል ማስረጃ ስለሆነ ነው። ፍላጎቱ ይገባኛል። ግን ማስረጃው እውነተኛ ሲሆን ይሻላል፤ እውነተኛው ደግሞ አለ፣ ወደ ታች እመጣበታለሁ።

አማርኛ የጉሮሮ ድምፆቹን ሲጥል ግሡ ሐ-ውን አጣና «አዘነ» ሆነ። ስሙ ግን «ሐዘን» እንደሆነ ቀረ፤ «አዘን» የሚል አማርኛ የለም። እንዲህ የተለያዩት፣ እንደሚመስለኝ፣ የኖሩበት ቦታ ስለተለያየ ነው። ግሡ በጓዳና በእርሻ በየቀኑ ሲነገር ተሸራርፏል። ስሙን ግን የግዕዙ መጽሐፍና የቄሶቹ አንደበት ጠብቀውታል። ልዩነቱ በድምፅ ብቻ አላበቃም፤ በትርጉምም ሁለቱ ተራርቀዋል። ስለ ግሡ መጀመሪያ።

«አዘነ» ብቻውን ሲቆም ከዓጹቭ ጋር ይስማማል። «አዘነለት» ሲሆን ግን ራራለት፣ አሰበለት ማለት ነው፤ ዕብራይስጡ «ሪሔም ዓላቭ» ይሆናል። «አዘነበት» ሲሆን ደግሞ ፈጽሞ ሌላ ነው፦ ይጠብቀው የነበረውን አጣበት፣ ቅር አለው፣ ልቡ በእሱ ላይ ተሰበረ። በመካከል የገቡት ሁለት ትንንሽ ድምፆች፣ «ል» እና «ብ»፣ ሥራውን ሁሉ ይሠራሉ። ይህን በሌላ ቦታም ታውቁታላችሁ፤ ዳኛ «ፈረደለት» እና «ፈረደበት» ሲባል በአንድ ድምፅ ልዩነት ሰውየው ወይ ቤቱ ይገባል ወይ እስር ቤት። በግዕዝ ለምሕረት «መሐረ»ን እና «ተሣሃለ»ን የመሰሉ ሌሎች ግሦች አሉ። አማርኛው አዘነ ግን ሐዘኑንም ርኅራኄውንም ቅሬታውንም አንድ ላይ ተሸክሟል። «አዛኝ» ያዘነ ሰው አይደለም፤ ለሌላው የሚራራ ነው። «ሐዘንተኛ» ግን ሰው የሞተበት ነው። ከአንድ ሥር ወጥተው አንዱ ሰጪ ነው፣ አንዱ ተቀባይ።

አሁን ወደ ቤታችሁ ግቡ። ማታ አምሽታችሁ መጣችሁ፣ ወይም ዘመድ ሲመጣ ሰላም ሳትሉ ወደ ክፍላችሁ ገባችሁ። እናት አትጮህም። ቆይታ፣ ቡናውን አቅርባ፣ «አዘንሁብህ» ትላለች፤ እንደ ጎንደሮቹ በ«ሁ»። ዕብራይስጥ ብቻ የሚሰማው ጆሮ ይህን «አኒ ዓጹቫ» ብሎ ይተረጉመዋል። አዝናለች፣ ያልፍላታል፣ ምናልባት አንድ ነገር ደብሯት ይሆናል። ያችኛዋ ግን ስለ ስሜቷ አልነገረችህም። በመካከላችን ያለው ነገር ተሰብሯል፣ መጠገኑም ያንተ ነው ነው ያለችው። ከቁጣ የሚከብደው ለዚህ ነው። ቁጣ የተቆጣው ሰው ጉዳይ ነው፤ ማዘን ግን የተፈጸመበትን ሰው ዝምታና የፈጸመውን ሰው ዕዳ አንድ ላይ ያስቀምጣል። ብዙ ጊዜ ልጆች «ወላጆቻችን ምን እንደሚሰማቸው አይናገሩም» ሲሉ እሰማለሁ። እውነት አለበት። ግን እስቲ «ብ» የገባባቸውን ግሦች ቁጠሩና ተመልከቱ፦ አዘንሁብህ፣ ከፋሁብህ፣ አፈርሁብህ። ተናግረዋል እኮ።

የቃሉ ሌላ ችግር የሚመጣው ከላይ፣ ከመሥሪያ ቤት ነው። በዕብራይስጥ «ሚጽጣዔር» የሚለው ቃል «ጻዓር» ከሚለው የሐዘን ቃል የተወለደ ነው፤ ዛሬ ግን አውቶቡስ ውስጥ እግር የረገጠም ይለዋል። የደብዳቤ ቋንቋ ሲሆን ደግሞ ባዶ ጨዋነት ብቻ ነው። ይህ ወደ አማርኛ ሲተረጎም «እናዝናለን» ይሆናል። አማርኛው ራሱ ከዜና ማሠራጫና ከመሥሪያ ቤት ቋንቋ ይህን አጠቃቀም ለምዷል፤ «አዝናለሁ፣ አይቻልም» ማለት ዛሬ አዲስ አበባም ጎንደርም የተለመደ ነው። ቃሉ ከሐዘን ወደ ይቅርታ እየተንሸራተተ ነው። ወጣቶቹ ይህን ሲሰሙ አይደናገሩም።

ሽማግሌዎቹ ግን ይደናገራሉ። አንዲት እናት ከአንድ መሥሪያ ቤት የመጣ ደብዳቤ እንዳነብላቸው ሰጡኝ። በሁለቱም ቋንቋ የተጻፈ ነበር። አማርኛው «ጥያቄዎን መቀበል ባለመቻላችን እናዝናለን» ይላል። አዳምጠው ጨረሱና «ማን ነው ያዘነው?» አሉ። መሥሪያ ቤቱ ነው አልኳቸው። «ካዘኑ ታዲያ ለምን አያዩልኝም?» አሉኝ። የቀለዱ መስሎኝ ነበር፤ አልቀለዱም። ደብዳቤው ውስጥ «ል» የለም፤ እናዝናለን ነው የሚለው እንጂ «እናዝንልዎታለን» አይልም። እሳቸው ግን ሕይወታቸውን ሙሉ የኖሩበት አማርኛ ላይ አንድ ሰው ስላንተ አዘነ ከተባለ «ል»ው ሳይነገርም አለ። ያዘነልህ ሰው ተነሥቶ አንድ ነገር ያደርጋል። እህል ያመጣል፣ ዳኛ ጋ ይሄዳል፣ ቢያንስ መጥቶ አጠገብህ ይቀመጣል። አዝኖ ዝም ያለ ሰው በሳቸው ሰዋስው ውስጥ ቦታ የለውም።

ተርጓሚው ጥፋተኛ ነው አልልም፤ መዝገበ ቃላቱን ከፍቶ ያገኘውን ነው የጻፈው። ግን መጥፎ ትርጉም ነው። «ጥያቄዎን አልተቀበልንም» ብሎ በግልጽ መጻፍ ይሻል ነበር። ጨዋነት ካስፈለገ «ይቅርታ» የሚል ቃል አለን፤ ያ ቢያንስ የሚጠይቀው ነገር ከተቀባዩ ነው እንጂ ያልተሰጠ ተስፋ አያስጨብጥም።

ወደ ስሙ ልመለስ፤ ወደ ሐዘን። በወላጆቻችሁ አማርኛ ሐዘን በመጀመሪያ ደረጃ ስሜት አይደለም። ቦታ ነው ብል ይቀለኛል። ሰው «ሐዘን ይቀመጣል»፣ «ሐዘን ላይ ነው»፣ «ሐዘን ቤት» እንሄዳለን። ሐዘን «ይገባል» ቤት ውስጥ፤ ቀኑ ሲሞላም ሰው ከሐዘን «ይወጣል»። እዚህ ላይ ዓጹቭን ጣሉትና ሌላውን ዕብራይስጣችሁን አምጡ። «ዮሽቪም ሺቭዓ» ትሉ የለ? እነሱም ይቀመጣሉ። ለዚህኛው ሐዘን ትክክለኛው ጓደኛ «ዔጼቭ» ሳይሆን «ኤቬል» ነው። ሁለቱም ቋንቋዎች ሐዘንን ከሰው ውስጥ አውጥተው ምንጣፍ ላይ ያስቀምጡታል፤ ሌሎች መጥተው ዙሪያውን እንዲቀመጡ። አማርኛው የሚጨምረው «ለቅሶ መድረስ»ን ነው። «ደረሰ» ማለት መጣ ብቻ አይደለም፤ ለሚያስፈልግበት ሰዓት ተገኘ ማለት ነው። ለእሳት ይደረሳል፣ ለለቅሶ ይደረሳል። ሠርግ ላይ ባትገኝ ይታለፋል፤ ለቅሶ ሳትደርስ ብትቀር ግን፣ ያው እንደምታውቁት፣ ይታዘንብሃል።

ከለቅሶው በፊት መርዶ አለ። መርዶ የሞት ወሬ ነው፤ «አረዳ» ማለት ወሬውን ለባለቤቱ ነገረ። «ተረዳ» የሚለውን ግሥ እናንተ «ሄቪን» ለሚለው ትጠቀሙበታላችሁ፤ አያቶቻችሁ ግን የዘመድ ሞት መስማትንም በእሱ ይሉታል። «የወንድሙን ሞት ተረዳ» ሲባል ሰዎች መጥተው ነገሩት ማለት ነው። መርዶ በሥርዓት ነው የሚነገረው። ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ይዞ፣ ብዙ ጊዜ ገና ሳይነጋ ይመጣል። ሰው ብቻውን እያለ አይነገረውም፤ መንገድ ላይም አይነገረውም። ወሬው ቢታወቅም ተሰብሳቢው እስኪሞላ ይደበቃል። ይህ ውሸት ሳይሆን ጥበቃ ነው፦ የሚወድቅ ሰው የሚደግፈው እጅ ሳይኖር መገፋት የለበትም።

እዚህ አገር ደግሞ ተቃራኒው ግዴታ ነው። ሐኪሙ ወዲያው መናገር አለበት፤ ከሠራዊቱ የተላኩትም ማኅበራዊ መገናኛው ሳይቀድማቸው በር ማንኳኳት አለባቸው። ሁለቱም አሠራሮች የየራሳቸው ርኅራኄ አላቸው፤ አንዱን አረመኔ ሌላውን ሥልጡን ማድረግ ስንፍና ነው። የሚያሳስበኝ መካከል ላይ የቆመው ሰው ነው። ከእናንተ ብዙዎቻችሁ በአሥራ ሁለትና በአሥራ ሦስት ዓመታችሁ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ቆማችሁ ለወላጆቻችሁ አስተርጉማችኋል። ለሽማግሌዎች ተሰብስበው የሚነገር ነገር በአንድ ልጅ አፍ፣ ቆሞ፣ በግማሽ አማርኛ ተነግሯል። ልጁ «ሁ ኒፍጣር» የሚለውን ሰምቶ «ሞተ» አለ፤ ሌላ ምን ይበል? እናቱ ያዘነችው በሞተው ብቻ አልነበረም። ወሬውን ባመጣው ልጅ ግን አላዘነችበትም፤ አዘነችለት። ይህን ልዩነት ማወቅ የቆየ ጸጸት ለያዘ ሰው ትንሽ ነገር አይደለም።

እውነተኛ ዝምድና አለ ብዬ ነበር። «እርም» ነው። ግዕዙ «ሐረመ» ነው፦ ከለከለ፣ ለየ። አማርኛ እንደ አዘነ ሁሉ ጉሮሮውን ጥሎ እርም አለው። ዕብራይስጡ «ሔሬም» ነው፤ ዐረብኛው «ሐራም»። ትምህርት ቤት «ዓሡ ዓላቭ ሔሬም» ሲባል ምን እንደሆነ ከኔ በላይ ታውቃላችሁ፤ አንድን ልጅ ክፍሉ በሙሉ ሲያገለው። በአያታችሁ አፍ ግን እርም ከውስጥ የሚወጣ ነገር ነው። ሰው ሲሞት አልቅሶ «እርሙን ያወጣል»። ካላወጣ የተከለከለው ነገር እሱው ጋ ይቀራል። ለዚህ ነው ሬሳ ያላየ ሰው፣ መቃብር ያልቆመ ሰው፣ ከዓመታት በኋላም ተቀምጦ ለቅሶ የሚጠይቀው። ተስፋ መቁረጥንም በዚሁ ቃል እንለዋለን፤ «እርሜን አወጣሁ» ያለ ሰው ከእንግዲህ አይጠብቅም።

አሁን ስለ ሱዳን ስታስቡ እነዚህን ቃላት ይዛችሁ አስቡ። እ.ኤ.አ. ከ1984ቱ የሙሴ ዘመቻ በፊትና በዚያው ሰሞን በመንገድና በስደተኛ ካምፖች ወደ 4,000 የሚጠጉ ሰዎች አልቀዋል ይባላል። ካምፕ ውስጥ አይሁድነታቸውን ይደብቁ ነበር። ስለዚህ ሐዘን እንደ ወጉ መቀመጥ አልቻሉም፤ ድንኳኑን ለለቅሶ ደራሽ መክፈት፣ ቄስ ጠርቶ ጸሎት ማድረስ ራሱ ሊያስይዝ ይችል ነበር። ስሜቱ ነበራቸው፤ ያጡት ቦታውን ነው። ዓጹቭ ነበሩ ብንል ምንም አልተናገርንም። ያልተቀመጡት ሐዘን፣ ያላወጡት እርም ነበረባቸው፤ ይዘውትም አውሮፕላን ገቡ። ኢያር 28 ቀን በኢየሩሳሌም በሄርጽል ተራራ የሚደረገው መታሰቢያ ላይ ሴቶቹ ድምፃቸውን አውጥተው ሲያለቅሱ አጠገቤ የነበረ አንድ የተማረ ሰው «ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ?» ብሎ በዕብራይስጥ ሲገረም ሰምቻለሁ። ጥያቄው የመጣው ከዓጹቭ ነው። ስሜት በዓመታት ይደበዝዛል። ዕዳ ግን እስኪከፈል ያው ነው። የአገሩ ሥነ ሥርዓት ንግግርና የአበባ ጉንጉን አለው፤ ሴቶቹ ግን የመጡት ለቅሶ ሊደርሱና ሊደረስላቸው ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ቃሉ አይለወጥ የምል እንዳይመስላችሁ። ተለውጧል፣ ይለወጣልም። «ሐዘን ይሰማኛል» የሚለው አነጋገር ለምሳሌ የመጽሐፍና የሬድዮ አማርኛ ነው፤ የድሮ ሰው «ከፋኝ»፣ «ሆድ ባሰኝ» ይል ነበር እንጂ ሐዘንን እንደ ብርድ አይሰማውም ነበር። ወጣቶች ሲሉት አይቆረቁረኝም፤ የሚሉት ነገር አለና። የሚቆረቁረኝ ያለ ቦታው ሲገባ ነው። በአንድ የጤና መጠይቅ ላይ «ባለፉት ሁለት ሳምንታት ሐዘን ተሰምቶዎታል?» የሚል አይቻለሁ። የተጠየቁት አዛውንት «ተመስገን፣ ሐዘን የለብንም፣ ሁሉም ደኅና ናቸው» ብለው መለሱ። ሌሊት አይተኙም፣ እህል አይበሉም፣ ከሰው አይቀላቀሉም፤ ግን ማንም አልሞተባቸውም። ወረቀቱ ላይ «የለም» ተብሎ ተሞላ። ጠያቂው «ትካዜ ያበዛሉ ወይ?» ቢላቸው ኖሮ ሌላ መልስ ያገኝ ነበር። ትካዜ በግዕዙ «ተከዘ» ራሱ ማዘን ነው። አማርኛው ግን ዓይንን አንድ ቦታ ተክሎ በሐሳብ መጥፋትን ለይቶ ሰጠው፤ ለዚህ ዓይነቱ የብቸኝነት ሸክም የተሻለ ቃል የለንም። (የተከዜን ወንዝ ግን አትጨምሩበት። ስሙ ከትካዜ ጋር ቢመሳሰልም በግዕዝ «ተከዚ» ማለት ወንዝ ነው።)

ዕብራይስጡም ቢሆን ቆሞ አልቀረም። በኦሪት ዘፍጥረት ሔዋን የምትወልድበት «ዔጼቭ» ስሜት ሳይሆን ሕመምና ድካም ነው። የዛሬው ዓጹቭ ከዚያ ተነሥቶ ወደ ልብ የገባ ነው። «ዓጻቢም» የምትሉት ነርቭ ደግሞ ከዐረብኛ የመጣ ሌላ ቃል ነው፤ ድምፁ ስለተቀራረበ ብቻ ሐዘንተኛውንና ነርቨኛውን አንድ ቤት ያኖራቸዋል።

ታዲያ «አዘንሁብህ» በዕብራይስጥ ምን ይባል? ተማሪዎቼ ሦስት መልስ አምጥተዋል። «ፓጋዕታ ቢ»፦ ጎዳኸኝ። «ኢኽዛቭታ ኦቲ»፦ ጠበቅሁህ አጣሁህ እንደ ማለት። ሁለቱም ልጁን ባለ ድርጊት ያደርጉታል፣ እናትየው የተደረገባት ብቻ ትሆናለች። አማርኛው ግን ግሡን ለእናትየው ነው የሰጠው፤ የምታዝነው እሷ ናት፣ ሐዘኗ የሚያርፈው በሱ ላይ ነው። ሦስተኛው «አኒ ዓጹቫ ቢግላልኻ» ነበር፤ ባንተ ምክንያት አዝኛለሁ። ይህ ቀረብ ይላል፣ ምክንያት ግን ዕዳ አይደለም፤ ዝናብም ምክንያት ይሆናል። ከሦስቱ አንዱን ምረጥ ብባል ሁለተኛውን እመርጣለሁ፣ ሳልደሰት።

ባለፈው በባቡር ከቤርሼባ ስመለስ ሁለት ልጆች ከፊቴ ተቀምጠው ዕብራይስጥ ይነጋገሩ ነበር። አንደኛው ሻባት ቤት እንደማይሄድ፣ ለእናቱም እንደማይደውልላት ሲናገር ሌላኛው «አል ታዓሤ ኤት ዜ፣ ሂ ታጊድ ሌኻ አዘንሁብህ» አለው። ይህን አታድርግ፣ አዘንሁብህ ትልሃለች ማለቱ ነው። ያኛው ስልኩን አወጣና ደወለ።